ከዳካ እስከ ጅዳ፦ የመሐንዲሱ የፈዝሉር ረሕማን ኻን ሕይወት

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ባለፈው ወር አንድ አባት ለፕሮግራማችን የላኩልንን ደብዳቤ ከፊሉን አንብበንላችሁ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቱን በጥሩ ውጤት አጠናቆ በውጭ አገር ምህንድስና እንዲማር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቷል። ጎረቤቱ ሁሉ «ማሻአላህ! እንኳን ደስ ያላችሁ!» እያለ ቤታቸውን ሲያጣብብ እሳቸው ግን እንቅልፍ አጥተዋል። ልጄ ዲኑን ይዞ ይመለሳል ወይ? ብለው ይጠይቃሉ። ዝቅ ብለው ደግሞ፣ ለመሆኑ መመለሱስ? ይላሉ። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥያቄ የዚያን ዕለት ሳናነብ ያለፍናት ሰዓት ስላጠረን ብቻ አልነበረም፤ ከበደችን። «ድንጋይና ብረት መቆለል ለአኺራው ምን ይጠቅመዋል?» ይላሉ አባታችን።

እኛ ፈትዋ የምንሰጥ ዑለሞች አይደለንም። ለዚህ ባለቤት አለው። ስለዚህ ዛሬ ለኚህ አባት ጥያቄ ክርክር ከማብዛት ይልቅ የአንድን ሰው ሕይወት ብናቀርብ ይሻላል ብለን አሰብን። ይህ ሰው ፈዝሉር ረሕማን ኻን ይባላል። ስሙን ሰምተውት የማያውቁ ብዙ አድማጮች እንደሚኖሩ እንገምታለን። ሐጅ ያደረጉ አባቶችና እናቶች ግን ሰውየውን ባያውቁትም ጥላው ሥር አርፈዋል። እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንድትይዙልን እንጠይቃለን።

ኻን የተወለደው በ1929 ዓ.ም. ነው። የትውልድ ምድሩ ዛሬ ባንግላዴሽ የምንላት፣ ያኔ በእንግሊዝ የምትገዛው የሕንድ ክፍል የነበረችው ምሥራቅ ቤንጋል ናት። ያደገው በዳካ ከተማ ነው። አባቱ ዐብዱረሕማን ኻን የሒሳብ መምህርና የመማሪያ መጽሐፍ ደራሲ ነበሩ። ብዙ ጊዜ ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሲነገር «ከምንም ተነሥቶ ራሱን በራሱ ያቆመ» ማለት የተለመደ ነው። እኛ ይህን አባባል እንዳለ መቀበል ይከብደናል። ልጁ በማታ ደብተሩን ዘርግቶ ሒሳብ ሲሠራ አጠገቡ የተቀመጡ አባት ነበሩት። ወደ ምህንድስና ያዘነበለውም በእሳቸው ምክር እንደሆነ ይነገራል። ይህን የምንለው ክብሩን ለመቀነስ አይደለም። ራሱን በራሱ የፈጠረ ሰው የለም፤ የፈጠረው አላህ ነው፣ ያስተማሩት ደግሞ ሰዎች ናቸው። ራሱን ጥሮ ግሮ ያሳደገ ሰው ግን በእርግጥ አለ፤ ኻን ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ምህንድስናውን የጀመረው በካልካታ አቅራቢያ በሺብፑር ኮሌጅ ነው። ሕንድና ፓኪስታን በ1947 ተከፍለው ስለነበር፣ በ1950 በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል በተነሣው ሁከት ምክንያት ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ዳካ መመለስ ግድ ሆነበት። ትምህርቱን ያጠናቀቀው በዳካው አሕሳኑላህ የምህንድስና ኮሌጅ ነው። ከዚያ ጥቂት ጊዜ መንገድ ሥራ ላይ ሠራ፣ በተማረበት ኮሌጅም አስተማረ። በ1952 ሁለት የትምህርት ዕድሎችን በአንድነት አግኝቶ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተጓዘ። አንደኛው የአሜሪካኖቹ የፉልብራይት ዕድል ሲሆን ሁለተኛው የፓኪስታን መንግሥት የሰጠው ነበር። ያኔ ዕድሜው 23 ነበር።

እዚህ ላይ አባታችን ልብ ይበሉልን። ይህ ወጣት በማያውቀው አገር በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት የማስትሬት ዲግሪና አንድ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝቶ በ1955 ተመረቀ። አንዱ ማስትሬት በሕንፃ መዋቅር ምህንድስና፣ ሌላው በመካኒክስ ነው። እንዲህ ያለ ውጤት በጭፈራ ቤት አይገኝም። ሰዉ ሁሉ «ውጭ አገር የሄደ ልጅ ጠፋ» ሲል እንሰማለን፤ የጠፋም አለ፤ አንክድም። ነገር ግን የሚጠፋው አገር ቤትም ይጠፋል። የአዲስ አበባን አንዳንድ ሰፈሮች በምሽት ያየ ይህን ያውቃል።

ከምረቃው በኋላ ኻን በቺካጎ ስኪድሞር፣ ኦዊንግስ ኤንድ ሜሪል በሚባል ታላቅ የሕንፃ ንድፍ ድርጅት ተቀጠረ። በ1957 ግን ሻንጣውን አሥሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህን ብዙ ሰው አያነሣውም፤ እኛ ግን በተለይ ልናነሣው እንፈልጋለን። አገሩን ሊያገለግል የመጣው መሐንዲስ የተሰጠው የአስተዳደር ሥራ ነበር። የተማረውን ሥራ ላይ የሚያውልበት ቦታ አላገኘም። በ1960 ወደ ቺካጎ ተመልሶ ወደ ቀድሞ ድርጅቱ ገባ። «ልጄ ይመለሳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አባት «ሲመለስስ ምን ይጠብቀዋል?» ብሎም መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ጥያቄ ለአንድ አባት ብቻ የሚተው አይደለም፤ እኛንም ሌላውንም ይመለከታል። ለጊዜው እዚህ ላይ እናቁመው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በተቻለን መጠን ቤት ውስጥ ባሉ ነገሮች ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ልጆችም እያዳመጡን ነውና።

ረጅም ሕንፃ ትልቁ ጠላቱ ክብደቱ ይመስለን ይሆናል። ክብደት አንዱ ነው። ነገር ግን ሕንፃው እየረዘመ በሄደ ቁጥር እያየለ የሚመጣው የነፋስ ግፊት ነው። ነፋስ ረጅሙን ሕንፃ እንደ ሸንበቆ ሊያወዛውዘው ይፈልጋል። ቀደም ሲል መሐንዲሶች ይህን የሚቋቋሙት በሕንፃው ውስጥ ምሰሶና አግዳሚ እየደረደሩ ነበር። ፎቁ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ይበዛል፣ ወጪው ይንራል፣ የውስጡ ቦታም ይጠባል። በዚህ የተነሣ ከተወሰነ ፎቅ በላይ መሥራት ለሀብታሙም የማያዋጣ ሆኖ ነበር።

ኻን ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ጥንካሬውን ከውስጥ አውጥቶ ወደ ዳር ወሰደው። ቀርከሃን አስቡ። ውስጡ ባዶ ነው። ጥንካሬው ያለው በዙሪያው ባለው ግድግዳው ላይ ነው፤ ለዚህም ነው ቀጥኖ እየረዘመ ነፋስ የማይሰብረው። ኻንም ምሰሶዎቹን በሕንፃው ዙሪያ አቀራርቦ በማቆምና በአግዳሚዎች አጥብቆ በማያያዝ ሕንፃው በሙሉ እንደ አንድ ቱቦ ሆኖ እንዲቆም አደረገ። ቺካጎ ውስጥ ዴዊት ቼስትነት የተባለው ከ40 ፎቅ በላይ ያለው መኖሪያ ሕንፃ የዚህ ዘዴ የመጀመሪያው ፍሬ ነው፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀቀ።

ከዚያ ጆን ሃንኮክ ሴንተር መጣ። ባለ 100 ፎቅ ሲሆን ቁመቱ 344 ሜትር ነው። ፎቶግራፉን ያየ ሰው በአራቱም ጎኖቹ ላይ ከታች እስከ ላይ የተሳሉ የሚመስሉ ግዙፍ የመስቀለኛ ምልክቶችን ያስታውሳል። ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም፤ ነፋሱን የሚቋቋሙ ማገሮች ናቸው። ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ማገር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በዚህ ሕንፃ በአንድ ካሬ ሜትር ወለል የገባው ብረት 145 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከእሱ አስቀድሞ በኒውዮርክ በ1931 የተሠራው ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ 206 ኪሎ ግራም ገደማ ወስዶ ነበር። በዕውቀት የተቆጠበው ብረት ይህን ያህል ነው። ብክነትን ዲናችን እንዴት እንደሚያይ ለአድማጮቻችን መንገር አያስፈልገንም።

ከዚህ ሕንፃ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ አለ፤ እኛን ከሁሉም በላይ የማረከን እሱ ነው። በሃንኮክ ሕንፃ ከ44ኛው እስከ 92ኛው ፎቅ ያለው የመኖሪያ ቤት ነው። ሰው ልጆቹን ይዞ የሚኖርበት፣ ማታ የሚተኛበት ቤት ነው። ሕንፃው እንደማይወድቅ በስሌት ተረጋግጧል። ነገር ግን ማንኛውም ረጅም ሕንፃ በነፋስ ጥቂት መወዛወዙ አይቀርም። ታዲያ ሕንፃው ባይወድቅም እናትየው አልጋዋ ላይ ሆና ውዝዋዜው ቢሰማትና ብትፈራስ? ይህን የሚመልስ ቀመር በመጽሐፍ አልነበረም። ኻን በቺካጎ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ውስጥ በነበረ የሚንቀሳቀስ መድረክ ላይ ሰዎችን አቁሞ፣ አስቀምጦና አስተኝቶ የሰው ልጅ ምን ያህል እንቅስቃሴ ሲደርስ እንደሚሰማው አጠና። የብረቱን ጥንካሬ ብቻ አስልቶ ክፍያውን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን 90ኛ ፎቅ ላይ የምትተኛዋን የማያውቃትን ሴት እንቅልፍ እንደ አማና ወሰደው። የቴክኒክ ሰው በሙያው ውስጥ ጠፍቶ ሕይወትንና ሰውን መርሳት የለበትም ይል እንደነበር ይታወቃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይናገራል፤ እሱ ግን በመድረኩ ላይ ሰው አስተኝቶ ለካው።

ቀጥሎ የመጣው ሲርስ ታወር ነው። ባለ 110 ፎቅ፣ 442 ሜትር፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1998 ድረስ የዓለም ረጅሙ ሕንፃ ነበር። በ1998 የበለጡት የማሌዥያዎቹ የፔትሮናስ መንታ ሕንፃዎች ናቸው፤ ይህን ስንሰማ እንደ ሙስሊም ደስ አለን ብንል አድማጮች አይታዘቡን። የሲርስ ታወር ስም በ2009 ተቀይሮ ዛሬ ዊሊስ ታወር ይባላል።

በዚህ ሕንፃ ኻን አንዱን ቱቦ ዘጠኝ አደረገው። ዘጠኝ አራት ማዕዘን ቱቦዎች ተጠጋግተው፣ ተደጋግፈው ይነሣሉ። ሁለቱ 50ኛ ፎቅ ላይ ይቆማሉ፣ ሁለቱ 66ኛ ላይ፣ ሦስቱ 90ኛ ላይ፤ የቀሩት ሁለቱ እስከ ጫፍ ይዘልቃሉ። አንዱን የማገዶ እንጨት መስበር ቀላል ነው፤ እሥሩን ግን አይቻልም። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያሥር» ያሉት ይህንኑ ነው። የኻን የቅርብ የሥራ ባልደረባ የነበረው አርክቴክት ብሩስ ግርሃም ሐሳቡን ለማስረዳት ጥቂት ሲጋራዎችን በእጁ ጨብጦ፣ አንዱን ከሌላው ከፍና ዝቅ አድርጎ እንዳሳየው ይነገራል። ሲጋራ ለበጎ ነገር የዋለበት ጊዜ ካለ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1972 በአሜሪካ የግንባታ ሙያ ታዋቂ የሆነው ኢንጂነሪንግ ኒውስ ሪከርድ መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ መረጠው። ከዳካ የመጣው የመምህር ልጅ በድርጅቱ ውስጥም ከ1970 ጀምሮ ከዋና ሸሪኮቹ አንዱ ሆኖ ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትገኙ ወገኖቻችን፣ በተለይም ዱባይ ያላችሁ፣ በየቀኑ ቀና ብላችሁ የምታዩትን ቡርጅ ኸሊፋን የነደፈው የዚሁ ድርጅት የቺካጎ ቢሮ ነው። ሕንፃው በ2010 ሲመረቅ ኻን በሕይወት አልነበረም።

አሁን ደግሞ ስለ ቤቱ እናውራ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ለቤተሰብ ምን ይተርፋል ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ምክንያቱም ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሚስቶች የሚመጡ ናቸውና። ኻን ትዳር መሥርቶ ልጅ አሳድጓል። ልጁ ያስሚን የአባቷን ሙያ ተከትላ የሕንፃ መዋቅር መሐንዲስ ሆነች። በ2004 ስለ አባቷ ሥራና አስተሳሰብ ሰፊ መጽሐፍ አሳትማለች። እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት ብንሰጥ፦ አባቷ ቤት ውስጥ እንግዳ የነበረባት ልጅ ካደገች በኋላ ተቀምጣ የአባቷን ስሌት መስመር በመስመር አትመረምርም። ሰው የሚጽፈው የሚያውቀውን ነው። በቤቱ የቤንጋል ዜማዎችን ማንጎራጎር ይወድ ነበር፤ በምድረ አሜሪካ ሆኖም የእናቱን ቋንቋ አልጣለም። እኛ ዘንድ ወደ ውጭ ወጥተው ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው «አማርኛ ጠፋብኝ» ወይም «ኦሮምኛ ጠፋብኝ» የሚሉትን አስቡልን።

አገሩንም አልረሳም። በ1971 ምሥራቅ ፓኪስታን በጦርነትና በስደት ስትታመስ፣ ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ወደ ሕንድ ሲሰደዱ፣ ኻን ቺካጎ ውስጥ የቤንጋል ተወላጆችን አሰባስቦ ለተጎጂዎች ዕርዳታ የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋመ፤ የአሜሪካ ባለ ሥልጣናት የሕዝቡን ጩኸት እንዲሰሙም ደፋ ቀና አለ። ያኔ የዓለም ረጅሙ ሕንፃ ገና በመሠራት ላይ የነበረበት፣ ጊዜ የለኝም ቢል ማንም የማይወቅሰው ወቅት ነበር። ባንግላዴሽ ነፃ ከወጣች ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1999፣ ከፍተኛውን የነፃነት ሽልማት ሰጥታዋለች። እሱ ግን ቀድሞ ሞቷል።

አሁን ወደ ጥላው እንመለስ።

የእኛ አያቶች ለሐጅ የሚሄዱት እንዴት እንደነበር ከታላላቆቻችን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከባሌ፣ ከሐረር ተነሥተው፣ ስንቃቸውን ተሸክመው፣ ለቤተሰባቸው ተናዘው ይወጣሉ። ገሚሱ በምፅዋ በኩል ቀይ ባሕርን ይሻገራል፤ ገሚሱ በሱዳን በኩል ወራት ይጓዛል። መንገድ ላይ የቀረው ብዙ ነው። አውሮፕላን ሲመጣ የወራቱ መንገድ የሰዓታት ሆነ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን አዲስ ችግር መጣ። ከመላው ዓለም የሚነሣው ሕዝብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድ ከተማ፣ በጅዳ፣ ላይ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሰው ሰነዱ እስኪታይ፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ፣ ጓዶቹ እስኪሰበሰቡ ብዙ ሰዓት ይጠብቃል። አብዛኛው በዕድሜ የገፋ ነው። ከገጠር የመጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሞልቷል። የጅዳ ፀሐይ ደግሞ የታወቀ ነው።

በ1970ዎቹ አዲሱ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ ሲታሰብ ለሑጃጅ ብቻ የሚሆን ማረፊያ የመንደፉ ሥራ ለእነ ኻን ድርጅት ተሰጠ። የዓለምን ረጅም ሕንፃ የሠራ መሐንዲስ ምን ይሠራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? እብነ በረድ የለበሰ ባለ ብዙ ፎቅ? ገንዘቡ ነበር። እነ ኻን ግን ድንኳን ተከሉ።

ነገሩን አስተውሉት። ይህ ቦታ በብዛት የሚያገለግለው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ነው። ይህን ያህል ስፋት ያለው ዝግ አዳራሽ ሠርቶ ዓመቱን ሙሉ በማሽን ማቀዝቀዝ ብክነት ይሆናል። ሑጃጁ ደግሞ ጥላ፣ ነፋሻ ቦታ፣ ውሃ፣ ውዱእ ማድረጊያና መስገጃ እንጂ ሌላ ምን ይፈልጋል? የዐረብ በዳዊም ሆነ የእኛ አገር አርብቶ አደር ለሙቀት መድኃኒቱን ድሮ ያውቀዋል። ስለዚህ 210 ግዙፍ ድንኳኖች ተሠሩ። እያንዳንዱ ድንኳን በአራቱም ጎን 45 ሜትር ነው። 45 ሜትር ቁመት ባላቸው የብረት ምሰሶዎችና በብረት ገመዶች ተወጥረው ከመሬት ከፍ ብለው ይንጠለጠላሉ። ሃያ አንድ ሃያ አንድ እየሆኑ በአሥር ክፍል ተደርድረዋል፤ አምስቱ በዚህ፣ አምስቱ በዚያ፣ መካከላቸው መንገድ ነው። ሁሉም ነጭ ናቸው።

ጨርቁ ተራ ሸራ አይደለም፤ ከብርጭቆ ክር ተሠርቶ ቴፍሎን የተቀባ ነው። አብዛኛውን የፀሐይ ሙቀት ወደ ላይ ይመልሳል፤ ብርሃን ግን በመጠኑ ያሳልፋል፤ በቀን መብራት አያስፈልግም። የድንኳኑ ጫፍ ክፍት ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣና በቀዳዳው ያመልጣል፤ በጎን ደግሞ አዲስ አየር ይገባል። የጎጆ ጭስ በጣሪያው እንደሚወጣ ማለት ነው። ድንኳኑ የሚቀዘቅዘው በራሱ ነፋስ ነው። ማረፊያው በ1981 ሥራ ጀመረ፤ በ1983 ደግሞ የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ። በ2010 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር፣ ዘመን ተሻግሮ ለቆመ ሥራ የሚሰጠውን የ25 ዓመት ሽልማት ሰጠው።

በ1997 በሚና ሜዳ በሑጃጁ ድንኳኖች ላይ የተነሣውን እሳት የማያስታውስ ትልቅ ሰው የለም። 343 ነፍስ ጠፋ። አላህ የሸሂድነትን ማዕረግ ይስጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሚና ላይ የተተከሉት ቋሚ ድንኳኖች እሳት የሚቋቋሙ ናቸው፤ የተሠሩትም ከዚሁ ቴፍሎን ከተቀባ የብርጭቆ ክር ነው። እንግዲህ «ድንጋይና ብረት መቆለል» ያሉን አባታችን፣ ብረትና ጨርቅን በዕውቀት ማገናኘት የሰው ነፍስ እስከ ማትረፍ እንደሚደርስ ይህን ይመልከቱልን። ሐጅ አድርገው ከሆነ፣ ካላደረጉም አላህ ይወፍቅዎ፣ ጅዳ ሲወርዱ ቀና ብለው ይዩ። ኢሕራም የለበሱ አዛውንት ሻንጣቸውን ተንተርሰው የሚያሸልቡበት፣ እናቶች ዘንቢላቸውን ፈትተው ቆሎ የሚቃመሱበት፣ የኢንዶኔዥያው ከናይጄሪያው፣ የቱርኩ ከሐረሩ ጎን ለጎን ሆኖ ተልቢያ የሚልበት ያ ነጭ ጣሪያ ነው። ከሥሩ አርፈው ከተነሡት ሚሊዮኖች ውስጥ የመሐንዲሱን ስም የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነው። ስም ሳይጠራ የሚቆይ ምንዳ ምን ያህል እንደሚከብድ ሰደቀቱል ጃሪያን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። የሰውን ልብና የሥራውን ኒያ የሚመዝነው ግን አላህ ብቻ ነው፤ እኛ ያየነውን ጥላ ብቻ እንመሰክራለን።

ማረፊያው ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት 27 ቀን 1982፣ ኻን ለሥራ በሄደበት በሳውዲ ዐረቢያ ሳለ ልብ ድካም ያዘው። ሕይወቱ ያለፈው እዚያው ጅዳ ከተማ ነው። ገና 52 ዓመቱ ነበር። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አስከሬኑ ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ ቺካጎ ተወስዶ በዚያ ተቀበረ። በአየር ወራት ይመጣሉ ብሎ ጥላ ያዘጋጀላቸው ሰዎች ወደሚያርፉባት ከተማ ሄዶ እዚያው መቅረቱ ይገርመናል። ሱብሃነላህ። ከዚህ በላይ ልንለው የምንችለው የለም።

ዛሬ በቺካጎ፣ በዚያ ረጅም ሕንፃ አጠገብ ያለች አንዲት የመንገድ መገናኛ በስሙ ትጠራለች። የረጃጅም ሕንፃዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤትም በየጊዜው በስሙ ሜዳሊያ ይሸልማል።

አሁን ወደ ደብዳቤው ጸሐፊ እንመለስና እንሰናበት። አባታችን፣ ልጅዎ በመስከረም እንደሚሄድ ጽፈውልናል። ጊዜው ቅርብ ነው። እኛ ከርስዎ በላይ ልጅዎን አናውቀውም፤ ዋስ ልንሆንለትም አንችልም። ነገር ግን አንድ ነገር እንለምንዎታለን። ከመሄዱ በፊት ባለው ጊዜ ማታ ማታ አጠገቡ ይቀመጡ። ሒሳቡን ባያውቁትም ይቀመጡ፤ ምን እንደሚማር ይጠይቁት፣ ያስረዳዎት። አብራችሁ ስገዱ። ሥጋትዎን እኛ ላይ ብቻ ሳይሆን እሱም ላይ ይጻፉት፤ «ልጄ፣ እፈራልሃለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ብዙ አባቶቻችን ይህን ሳይናገሩ ልጃቸውን አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኝተው፣ ዞር ብለው አልቅሰው ይመለሳሉ። ልጁም አባቱ የተቆጣ መስሎት ይሄዳል።

አድራሻውን ከላኩልን የዛሬውን ንግግር ቅጂ ኢንሻአላህ ለልጅዎ እንልክለታለን። እግረ መንገዱን በጅዳ ካለፈ ደግሞ የድንኳኑን ጫፍ ቀዳዳ እንዲያይልንና አየሩ እንዴት እንደሚወጣ ከኛ በተሻለ አስረድቶ እንዲጽፍልን ይንገሩት። ለአድማጮቻችን እናነብላቸዋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።